ሂት ፓምፑ በብርድ ጠዋት ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጣል፣ በየመሃሉም ይቆማል፤ ብልሽት ነው ወይስ ጸባዩ?

ለብታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዕቃው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኢንቨርተር (ፍጥነቱን ራሱ የሚቀያይር) ሂት ፓምፕ ነው፤ ያሞቃልም ያቀዘቅዛልም። በውስጡ እየዞረ ሙቀት የሚያጓጉዘው ጋዝ አር-32 ነው። ውጪው 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ቤቱን አሳምሮ ያሞቃል። ወደ 2 እና 0 ዲግሪ ሲወርድ ግን ሦስት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛ፣ ከውስጡ ዩኒት የሚወጣው አየር ለብ ያለ ነው እንጂ እንደ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ አይለበልብም። ሁለተኛ፣ በየመሃሉ የውስጡ ፋን ቀጥ ይላል፤ ውጪ "ሹሽሽ" የሚል ድምፅ ይሰማና ከዩኒቱ ጭስ የመሰለ ነገር ይነሳል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ የውጪው ዩኒት ከታች በኩል በረዶ ጋግሯል።

የውስጡ ፊልተር ታጥቧል፤ የስህተት ኮድም አላወጣም። "ጋዝ ጎድሎበት ነው፣ ይሞላ" የሚል ምክር በርክቷል። ከመሞላቱ በፊት ግን ከሦስቱ የትኛው ጸባዩ፣ የትኛው ብልሽት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ባለሙያ ሳይጠራ ቤት ውስጥ ምን መፈተሽ ይቻላል? ለመሆኑስ 0 ዲግሪ ከሆነ አየር ሙቀት የሚገኘው ከየት ነው?

---

ኩሽኔታ፦

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ከገባ የቀረው ግማሹ ራሱን ይመልሳል።

0 ዲግሪ "ሙቀት የሌለበት" ማለት አይደለም፤ ውሃ የሚረጋበት ነጥብ ብቻ ነው። ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ስለዚህ ከ0 ዲግሪ አየር ሙቀት ለመውሰድ ከአየሩ የባሰ የቀዘቀዘ ነገር ማቅረብ ይበቃል። አር-32 በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ማሽኑ ግፊቱን ተቆጣጥሮ ውጪው ኮይል (ጋዙ የሚያልፍበት ባለክንፍ ቱቦ) ውስጥ ከዜሮ በታች 6 ወይም 8 ዲግሪ ላይ እንዲፈላ ያደርገዋል። የ0 ዲግሪው አየር በኮይሉ ላይ ሲያልፍ ለጋዙ "ሞቃት" ነው፤ ሙቀቱን ሰጥቶት ራሱ ቀዝቅዞ ይወጣል።

ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ይህን ቀዝቃዛ ትነት ይጨምቀዋል። ብስክሌት ሲነፋ የፓምፑ ጫፍ እንደሚግለው ሁሉ ጋዙም ሲጨመቅ ይግላል፤ ከኮምፕሬሰሩ ሲወጣ 60 እስከ 80 ዲግሪ መሆኑ የተለመደ ነው። የጋለው ጋዝ ወደ ውስጡ ዩኒት ይገባና 40 ወይም 45 ዲግሪ አካባቢ ላይ ወደ ፈሳሽ ይለወጣል። ቤቱን የሚያሞቀው በዋናነት ይህ ከጋዝነት ወደ ፈሳሽነት ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት ነው። ፈሳሹ በማስፋፊያ ቫልቭ በኩል ሲያልፍ ግፊቱም ሙቀቱም ባንዴ ይወርድና ወደ ውጪው ኮይል ይመለሳል። በበጋ ባለአራት መንገድ ቫልቩ የጋዙን አካሄድ ይገለብጠዋል፤ ያኔ ሁለቱ ኮይሎች ሥራ ይለዋወጣሉ።

ኤሌክትሪኩ ሙቀት ለመፍጠር ሳይሆን ሙቀት ለማጓጓዝ ነው የሚውለው። ስለዚህ መለስተኛ ብርድ ላይ 1 ኪሎዋት በልቶ 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ውጪው በቀዘቀዘ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ የሚያነሳበት "ከፍታ" ይጨምራል። ከዜሮ በታች 15 ላይ ብዙዎቹ ወደ 2 አካባቢ ይወርዳሉ። የሚሰጡት ጠቅላላ ሙቀትም ይቀንሳል፤ የቤቱ ፍላጎት ደግሞ በዚያው ሰዓት ይጨምራል። ችግር የሚመስለው አብዛኛው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ነገርዎ እንግዲህ ጸባዩ ነው። ጋዙ 45 ዲግሪ ላይ ወደ ፈሳሽ እየተለወጠ የሚወጣው አየር 60 ሊሆን አይችልም፤ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ያለ ማንኛውም ነገር ደህና ነው። እጅ ግን ጥሩ መለኪያ አይደለም፤ 35 ዲግሪ አየር በፍጥነት ሲነፍስ ቆዳ ላይ ቀዝቃዛ ይመስላል። እንዲህ ይለኩ፦ ማሽኑን 24 ዲግሪ ላይ አድርገው ሳይቆራረጥ 15 ደቂቃ ያሠሩት። ተራ የምግብ ቤት ቴርሞሜትር ይበቃል። አየር የሚገባበት ላይ ከላይ፣ ከዚያ የሚወጣበት አፍ ላይ ይለኩና ይቀንሱ። ለግድግዳ ዩኒት ልዩነቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ከሆነ እየሠራ ነው። ከ10 በታች ከሆነ ነገር አለ። በረዶ ሊያቀልጥ ሲል ወይም እንደጨረሰ መለካት ግን ዋጋ የለውም፤ ቁጥሩ ያሳስታል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አየሩ እንዲሞቅ ብለው ፋኑን ዝቅተኛ ላይ አያስሩት። አየሩ ይሞቃል፣ ነገር ግን ክፍሉ የሚያገኘው ጠቅላላ ሙቀት ይቀንሳል፤ ኮምፕሬሰሩም በከፍተኛ ግፊት እየታገለ ብዙ ይበላል። አውቶ ላይ ይተዉት።

---

ቴርሞሜትር፦

ሁለተኛው፣ ማለትም ቆሞ "ጭስ" የሚያወጣው፣ ዲፍሮስት ነው። በረዶ ማቅለጫ ሥርዓቱ።

የውጪው ኮይል ከዜሮ በታች ስለሆነ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት እላዩ ላይ አመዳይ ሆኖ ይረጋል። አመዳዩ ሲወፍር አየር አያሳልፍም፤ ማሽኑ ይደክማል። ስለዚህ የኮይሉን ሙቀትና የሠራበትን ጊዜ አይቶ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ወደ ማቀዝቀዣ ይገለብጣል፦ ሙቀት ከቤት ወስዶ ውጪውን ኮይል ያሞቃል። "ሹሽሽ" የሚለው ባለአራት መንገድ ቫልቩ ሲገለበጥ ግፊቱ ሲመጣጠን የሚሰማ ነው። የውስጡ ፋን የሚቆመው ቀዝቃዛ አየር እንዳይነፋብዎ ነው። የውጪው ፋን የሚቆመው ደግሞ ኮይሉ ቶሎ እንዲሞቅ። ጭስ የመሰለው የውሃ ትነት ነው።

ጤናማ የሆነው ከ2 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ እርጥበት ባለበት አየር በየ35 እስከ 90 ደቂቃ ሊመጣ ይችላል። የሚገርመው፣ አመዳይ የሚበዛው በጣም ሲበርድ ሳይሆን ከ2 ከዜሮ በታች እስከ 5 ከዜሮ በላይ ባለው መሃል ነው፣ በተለይ ጭጋግ ወይም ካፊያ ካለ። ከዜሮ በታች 15 ላይ አየሩ የሚሸከመው እርጥበት ትንሽ ስለሆነ ዲፍሮስቱ እንዲያውም ይቀንሳል።

ስለዚህ ሊጠይቁ የሚገባው "ለምን ያቀልጣል?" ሳይሆን "ሲያቀልጥ ይጠራል ወይ?" ነው። ዲፍሮስቱ እንዳለቀ ወጥተው ኮይሉን ይዩት። ከላይ እስከ ታች እርጥብና ንጹህ ከሆነ ሥርዓቱ ይሠራል። የተረፈ በረዶ ካለ፣ የተረፈበት ቦታ ይናገራል፦

ከታች ብቻ ከቀረ ውሃው መውጫ አጥቷል። መሠረቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በቅጠል ተደፍነዋል፣ ወይም ዩኒቱ ውሃ ቁልቁል እንዳይወርድ ተጋድሟል፣ ወይም ከመሬት በጣም ተጠግቷል፣ ወይም የመሠረት ማሞቂያ ገመዱ ተቃጥሏል (ሁሉም ሞዴል ይህ ገመድ የለውም)።

ኮይሉ ላይ ጋዙ ከሚገባበት በኩል ጥቂት ረድፍ ብቻ በወፍራሙ በረዶ ለብሶ ሌላው ደረቅ ከሆነ ጋዝ ማነስ መጠርጠር ይጀምራል።

መላው ኮይል በወፍራም በረዶ ተሸፍኖ ምንም ካልቀለጠ ዲፍሮስቱ ጭራሽ አልተነሳም፤ ሴንሰሩ፣ ቦርዱ ወይም ባለአራት መንገድ ቫልቩ።

ለጠያቂው፦ የሚወጣና የሚገባውን አየር ይለኩ፣ ከዲፍሮስት በኋላም በረዶው የት እንደቀረ ይጻፉልን።

---

ዳዶ፦

እኔ ደግሞ ቀጥታ ወደ ጋዙ ነው የምሄደው። በረዶ ከጋገረ ጋዝ ጎድሏል። ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ይሰካ፣ ግፊቱ ይታይ፣ ካነሰ ይሞላ። ይህን ያህል ማብራሪያ ምን ያስፈልጋል?

---

ኩሽኔታ፦

ዳዶ፣ በዚህ አልስማማም። ምክንያቱም ማሽኑ ቆሞ ጌጅ መሰካት ስለ መጠኑ ምንም አይነግርህም። ውስጡ ትንሽ እንኳ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚወሰነው በሙቀቱ ብቻ ነው። አር-32 በ20 ዲግሪ ጌጅ ላይ 13.5 ባር ገደማ ያሳያል፤ ውስጡ 1 ኪሎ ይሁን 400 ግራም ለውጥ የለውም። እየሠራ ከሆነ ደግሞ ኢንቨርተር ኮምፕሬሰር ፍጥነቱን ስለሚቀያይር ግፊቱም አብሮ ይዋዥቃል። "በዚህ ቁጥር ልክ ነው" የሚባለው አሠራር ለአሮጌዎቹ ባለአንድ ፍጥነት ማሽኖች ነበር፤ ለእነሱም ቢሆን ሱፐርሂት (ትነቱ ከሚፈላበት ነጥብ በላይ የሞቀበት ልክ) እና ሰብኩሊንግ (ፈሳሹ ወደ ፈሳሽ ከሚለወጥበት ነጥብ በታች የቀዘቀዘበት ልክ) ሳይለካ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም። ዑደቱ ዝግ ነው። ካነሰ የፈሰሰበት ቦታ አለ፤ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት ተመልሶ መጥቶ መሙላት ነው። በግድግዳ ዩኒቶች ላይ ፍሳሽ የሚበዛው የፍሌር ዳዶዎቹ (አፉ የተከፈተውን የመዳብ ቱቦ የሚያያይዙት) ላይ ነው፦ ወይ የቱቦው አፍ በደንብ አልተከፈተም፣ ወይ ዳዶው ላልቷል፣ ወይ ያለ ልክ ጠብቆ መዳቡ ተሰንጥቋል። ለ1/4 ኢንች ቱቦ ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ ለ3/8 ኢንች ከ33 እስከ 42 ኒውተን ሜትር ነው፤ በቶርክ ቁልፍ እንጂ በክንድ ግምት አይደለም። ዳዶው አካባቢ የቅባት እድፍ ካለ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ወጥቷል ማለት ነው፤ ጥሩ ፍንጭ ነው። የሳሙና አረፋ ያረጋግጠዋል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የቀረውን ጋዝ ወደ ሲሊንደር ሰብስቦ መመዘን። ፍሳሹን ማስተካከል። በደረቅ ናይትሮጅን መፈተን (በኦክስጅን በጭራሽ፤ ከዘይቱ ጋር ይፈነዳል)። በቫኪዩም ፓምፕ ውስጡን ባዶ አድርጎ ግፊቱን ከ500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ) በታች ማውረድ፣ ፓምፑን ዘግቶ ቁጥሩ ተመልሶ አለመውጣቱን ማየት። ከዚያ በሚዛን፣ ስሙ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ግራም መሙላት። ቱቦው ማኑዋሉ ከሚፈቅደው ርዝመት ካለፈ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር የሚጨመር አለ፤ ለትንንሾቹ ብዙ ጊዜ 20 ግራም ገደማ ነው፣ ትክክለኛው ግን ማኑዋሉ ላይ ያለው ነው። አር-410ኤ ከሆነ የሁለት ጋዞች ድብልቅ ስለሆነ በፈሳሽነቱ መሞላት አለበት።

በላዩ መጨመር ያለው ጉዳት ደግሞ ከማነስ አይተናነስም። ትርፍ ጋዝ ውስጡ ኮይል ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይከማቻል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ማሽኑ በራሱ መከላከያ ይቆማል፤ ፈሳሹ ወደ ኮምፕሬሰሩ ከተመለሰ ደግሞ ቫልቭና ኩሽኔታ ይበላል። ሳይጎድል የተሞላ ማሽን ጠግኖ ለመመለስ ሁሉንም አውጥቶ እንደገና መመዘን ነው።

አር-32 በመጠኑ፣ አር-290 ደግሞ በደንብ ተቀጣጣይ ናቸው። አር-290 ፕሮፔን ነው። እነዚህን ፈቃድና መሣሪያ የሌለው ሰው አይንካቸው።

---

ዳዶ፦

ናይትሮጅኑና ሚዛኑ ላይ እስማማለሁ። ቆሞ የሚለካ ግፊትም ልክ ነህ። ግን ታች የጋገረውንስ ሁልጊዜ "ቀዳዳ ነው" ማለት ይቻላል? ባለአራት መንገድ ቫልቩ ግማሽ መንገድ ላይ ሲቀርም ዲፍሮስቱ ደካማ ይሆናል።

---

ቴርሞሜትር፦

ጥሩ ነጥብ ነው፤ መለየት ግን ይቻላል። ቫልቩ ግማሽ ላይ ከቀረ ትኩሱ ጋዝ በቀጥታ ወደ መምጠጫው ያመልጣል። ስለዚህ ማሞቁም ማቀዝቀዙም ይደክማል፣ በ10 ዲግሪ ጭምር። ጠያቂው ግን በ10 ዲግሪ አሳምሮ ያሞቃል ብለዋል።

ፍተሻው የሙቀት ነው። ከቫልቩ አካል አራት ቱቦዎች ይወጣሉ፦ አንዱ ለብቻው፣ ሦስቱ በአንድ ጎን። ለብቻው ያለው ከኮምፕሬሰር የሚመጣው ነው፤ ሁልጊዜ ትኩስ። ከሦስቱ መሃለኛው ሁልጊዜ መምጠጫ ነው፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከዳርና ዳር አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው፤ ሲገለበጥ ይለዋወጣሉ። ቀዝቃዛው የዳር ቱቦና መሃለኛው መምጠጫ ሙቀታቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። መሃለኛው ከ2 ወይም 3 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ቫልቩ ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። የሚለካው ከቫልቩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በቱቦ ላይ በሚታሰር ቴርሞሜትር ነው፤ በጨረር የሚለካው የሚያብለጨልጭ መዳብ ላይ ይሳሳታል።

ጭራሽ ካልተገለበጠ ግን መጀመሪያ የሶሌኖይዱ (ቫልቩን የሚያስገለብጠው የኤሌክትሪክ ማግኔት) ጠመዝማዛ ይፈተሽ፦ ኃይል ሲሰጠው የካቻቢቴ ጫፍ ይስባል። ካልሳበ ጠመዝማዛው ተበጥሷል ወይም ቦርዱ ኃይል አልላከም። ጠመዝማዛው በአንድ ቡሎን ይወጣል፤ ቫልቩን መቀየር ግን ጋዝ ማውጣትና ብየዳ ነው። ስለዚህ ቀላሉን ሳያጠሩ ወደ ከባዱ አይኬድም።

---

ለብታ፦

ልኬቱ ይኸው። ውጪ 1 ዲግሪ። የሚገባው አየር 19፣ የሚወጣው 38። ከዲፍሮስት በኋላ ኮይሉ ከላይና ከመሃል ንጹህ ነው፤ ታች አራት ጣት ያህል በረዶ ቀርቷል። ከመሠረቱ ቀዳዳዎች ሁለቱ በበረዶ ውስጥ ተቀብረው ቅጠል ይታይባቸዋል። ፋኑ ሲነሳ "ጠክ ጠክ" ይላል። በፈላ ውሃ ባቀልጠው ምን ይላሉ?

---

ኩሽኔታ፦

19 ገብቶ 38 ወጣ፣ ልዩነቱ 19፤ በ1 ዲግሪ ብርድ ይህ ጤነኛ ማሽን ነው። ኮይሉም ከላይ ወደ ታች እኩል ይቀልጣል። ጋዙን አይንኩት።

ያለዎት የውሃ መውጫ ችግር ነው። የቀለጠው ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀዳዳው ስለተደፈነ መሠረቱ ላይ ይቀራል፣ ዲፍሮስቱ ሲያልቅ እዚያው ይረጋል። የሚቀጥለው ዲፍሮስት ሌላ ውሃ ይጨምርበታል። በዚህ ሁኔታ በረዶው ኮይሉን ከታች እየወጣ ይበላዋል፣ ፋኑም ሲደርስበት ይመታዋል። "ጠክ ጠክ" ያ ነው፤ ስለዚህ አሁኑኑ ያጥፉት። የፋኑ ምላስ ከተሰበረ ወይም ሞተሩ ከተቃጠለ ነገሩ ከቀዳዳ መጥረግ ያልፋል።

የፈላ ውሃ አይሆንም፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክና ብየዳ በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጠቃል። መዶሻ፣ ቢላ፣ ካቻቢቴ አይታሰብም፤ የኮይሉ ክንፎች ስስ አልሙኒየም ናቸው፣ ከሥራቸው ያለው ቱቦም አንዴ ከተበሳ ያኔ በእውነት ጋዝ ይጎድላል። ጨውም አይነስንሱ፤ አልሙኒየሙን ይበላዋል።

መጀመሪያ በሪሞት ያጥፉ፣ ከዚያ ብሬከሩን ያውርዱ። 40 ዲግሪ ገደማ ያለ፣ እጅ የሚችለው ውሃ በጎማ ወይም በጣሳ ቀስ እያሉ ከመሠረቱ ላይ ያፍሱ። ቀዳዳው ሲከፈት ውሃው ከሥር መንጠባጠብ ይጀምራል፤ ያ እስኪሆን አያቋርጡ፤ አለዚያ ያፈሰሱት ውሃ ተጨማሪ በረዶ ይሆናል። ቅጠሉን በእጅ ያውጡ። ከቻሉ ይህን ከዜሮ በላይ በሆነ ሰዓት፣ እኩለ ቀን ላይ ያድርጉት። ፋኑን በእንጨት ገፋ አድርገው በነፃነት መዞሩን ይዩ። የኤሌክትሪክ ክዳኑን አይክፈቱ፤ ውሃም ወደዚያ ጎን አያድርሱ።

ከዚያ ዩኒቱ ውሃ እንዲወርድ በትክክል መቀመጡን ይመልከቱ፣ ማኑዋሉ ካላዘዘ ወደ አንድ ጎን መጋደም የለበትም። የፕላስቲክ የውሃ መውጫ አፍና ጎማ ተሰክቶ ከሆነ፣ ብርድ ባለበት ቦታ ያውጡት፤ ጎማው ውስጥ ይረጋና መልሶ ይደፍናል። ክፍት ቀዳዳ ይሻላል። ዩኒቱ ከመሬት ከተጣበቀ በብሎኬት ወይም በመደገፊያ ከፍ ይደረግ። በረዶ በሚከመርበት ቦታ ደግሞ ከተለመደው የበረዶ ቁመት በላይ። ከኋላ ቢያንስ 10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከፊት 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ክፍት ይሁን፤ ፊቱ ላይ ግድግዳ ካለ የተነፋውን ቀዝቃዛ አየር መልሶ ይስበዋል፣ ከዚያ አመዳይ በእጥፍ ነው።

ኃይሉ ረጅም ሰዓት ተቋርጦ ከነበረ፣ ብሬከሩን መልሰው ወዲያው ማሞቅ አያስጀምሩ። በብርድ ጊዜ ፈሳሽ ጋዝ ወደ ኮምፕሬሰሩ ዘይት ውስጥ ይሰበሰባል፤ የዘይት ማሞቂያ ያላቸው ሞዴሎች መጀመሪያ ያንን ማሞቅ አለባቸው። ብዙ ማኑዋሎች 12 ሰዓት ኃይል አግኝቶ ይቆይ ይላሉ። ለግማሽ ሰዓት ጥገና ግን ይህ አያሳስብም። እንደገና ሲያበሩት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዝም ቢል መከላከያው ነው፣ ቁልፉን ደጋግመው አይጫኑ።

---

ባለራዲያተር፦

ጥያቄውን ላለመጥለፍ አጭር ነው። ውሃ አሙቆ ለራዲያተር የሚልከው ዓይነትስ? ክፍሎቹ አይሞቁም፣ ማሽኑም በየጥቂት ደቂቃው ይነሳል ይቆማል።

---

ቴርሞሜትር፦

መነሳት መቆሙ በአብዛኛው ውሃው በቂ ስላልፈሰሰ ነው። ቀዝቃዛ ሳለ የሥርዓቱ ግፊት ከ1 እስከ 1.5 ባር መሆኑን ይዩ። የመመለሻው ቱቦ ላይ ያለውን ወንፊት አውጥተው ያጽዱ፤ ከአዲስ ሥራ በኋላ በብየዳ ቅሪትና በዝገት ይሞላል። ከራዲያተሮቹ አየር ያስወጡ። በየክፍሉ ያሉ ቫልቮች ሁሉ ከተዘጉ ፓምፑ የሚልክበት የለውም፤ ቢያንስ አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሁኑ። የሚሄደውና የሚመለሰው ውሃ ልዩነት 5 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው፤ 10 ከሆነ ፍሰት አንሷል፣ 1 ወይም 2 ከሆነ ሙቀቱ ወደ ክፍሎቹ አልወጣም።

የውሃውን ሙቀት እንደ ጋዝ ቦይለር 70 ላይ አያድርጉት። ለወለል ውስጥ ማሞቂያ 35፣ ለራዲያተር ከ45 እስከ 55 ይበቃል፤ ካልበቃ ራዲያተሩ ትንሽ ነው። ሙቀቱን በቀነሱ ቁጥር የሚበላው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። የአየር ሁኔታ ኩርባ (የውሃውን ሙቀት እንደ ውጪው ብርድ የሚቀያይር ቅንብር) ካለው ይክፈቱትና ቤቱ እስኪመቸው ድረስ በየቀኑ 1 ወይም 2 ዲግሪ እያወረዱ ይፈልጉት። ሌሊት ማጥፋትም ለዚህ ዓይነት አይጠቅምም፤ ጠዋት ለመድረስ ሲል ተጠባባቂውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስነሳል፣ ያ ደግሞ 1 በልቶ 1 የሚሰጥ ነው።

---

ለብታ፦

ቀዳዳዎቹ ተከፍተዋል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ድምፁም ጠፍቷል። አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ ውጪው ደረቅና 6 ዲግሪ ሆኖ እንኳ አመዳይ ሳይታይ በየ25 ደቂቃው ይቀልጣል። ይህስ?

---

ኩሽኔታ፦

አመዳይ ሳይኖር ማቅለጥ ጸባይ አይደለም። ሁለት ነገር ነው የሚሆነው፦ የውጪው ኮይል ቆሻሻ ለብሶ ከሚገባው በላይ እየቀዘቀዘ ነው፣ ወይም የኮይሉ ሴንሰር ከእውነቱ የቀዘቀዘ ንባብ እየሰጠ ነው።

ቆሻሻው የእርስዎ ሥራ ነው። ብሬከሩን አውርደው፣ በተራ የጎማ ውሃ፣ ያለ ከፍተኛ ግፊት፣ ከላይ ወደ ታች ይጠቡት። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋል። በዚያው የውስጡን ፊልተር ከ2 እስከ 4 ሳምንት በአንድ ጊዜ ማጠብ ልማድ ያድርጉት፤ ፊልተር ሲደፈን ማሽኑ ሙቀቱን መጣል ያቅተውና በግፊት ይቆማል፣ ሰው ደግሞ "ጋዝ" ይላል።

ከዚህ በኋላ ካልተሻለ ሴንሰሩ ነው፤ ይህን ግን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይክፈተው። ኢንቨርተር ቦርድ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኃይል ይይዛሉ፤ ብሬከሩ ከወረደ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ በቴስተር ባዶ መሆናቸውን አይቶ ነው እጅ የሚገባው።

---

ዳዶ፦

ሴንሰሩን እኔ ልጨምር፤ ይህ ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት ቦርድ የሚያስቀይር ነገር ነው። ሶኬቱን ከቦርዱ ነቅሎ፣ የሴንሰሩን ጭንቅላት በበረዶና ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ማስገባት፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ኦሙን ማንበብ። ብርጭቆው ራሱ 0 ዲግሪ ስለሆነ ሌላ ቴርሞሜትር አያስፈልግም። በ25 ዲግሪ 10 ሺህ ኦም የሆነው የተለመደ ዓይነት በ0 ዲግሪ 32 ወይም 33 ሺህ ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ሲሞቅ ኦሙ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ስለዚህ በ0 ላይ 45 ሺህ ካነበበ ቦርዱ "ከዜሮ በታች ነኝ" ብሎ ያምናል፤ የጠያቂው ምልክት ልክ ያንን ይመስላል። 5፣ 15 ወይም 20 ሺህ ኦም የሚጠቀሙም ስላሉ ከማኑዋሉ ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከር። ንባቡ ገመዱ ሲነካ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል ወይም ሶኬቱ ዝጓል።

ሲመለስ ጭንቅላቱ በክሊፑ ከቱቦው ጋር መጣበቁ ይረጋገጥ። ተንጠልጥሎ ከቀረ የሚለካው የኮይሉን ሳይሆን የአየሩን ሙቀት ነው፤ ያኔ ችግሩ ይገለበጣል፣ ኮይሉ በረዶ ለብሶም ዲፍሮስቱ አይነሳም።

እና ለአሮጌዎቹ ባለአንድ ፍጥነት ማሽን ያላችሁ፦ የውጪው ፋን እያጉረመረመ ካልተነሳ፣ በእንጨት ሲገፉት ግን ከዞረ፣ ካፓሲተሩ ነው። ኃይሉ ተቋርጦ፣ በ20 ሺህ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ለጥቂት ሴኮንድ ባዶ ተደርጎ (በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ አይደለም)፣ ገመዶቹ ፎቶ ተነስተው ይፈታ። እላዩ ላይ 45+5 ማይክሮፋራድ ከተጻፈ የፋኑ ጎን 5 ነው፤ ቴስተሩ 4.5 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ይቀየር። ሲቀየር ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ግን እኩል ወይም በላይ፤ 370 የነበረው በ440 ይተካል፣ 440ው ግን በ370 አይተካም። ካፓሲተሩ ደህና ሆኖ ፋኑ በእጅም ከከበደ ኩሽኔታው ደርቋል፤ ያኔ ሞተሩ ይቀየር።